መሠረቱ ከመጣሉ በፊት፦ በውጭ አገር ለሚገኙ የመጠለያችን መሥራቾችና ለጋሾች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የጎዳና ልጆችን ወደ ቤተሰባቸው የመመለሱ ሥራ ተቋርጦ ገንዘቡ ለሕንፃ እንዲውል ስለተላለፈው ውሳኔ

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ለምትገኙ የመጠለያችን መሥራች ማኅበር አባላት፣ እንዲሁም በየአጥቢያችሁ ለጎዳና ልጆች ቤት ለመክፈት ገንዘብ ለምታሰባስቡ ምዕመናን በሙሉ፤

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ እናንተ በከፈታችሁት መጠለያ የምንሠራ ሰዎች ነን። ከመካከላችን ሌሊት ከልጆቹ ጋር የሚያድሩ ሞግዚቶች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች፣ ወጥ ቤት የሚሠሩ እናቶችና የጥበቃ ሠራተኞች አሉ። ለቦርዱ ያቀረብናቸው ማመልከቻዎች «ለዋናው ኮሚቴ ይተላለፋል» ከመባል አልፈው መልስ ስላላገኙ፣ ደግሞም ተመሳሳይ ቤት ለመክፈት የምታስቡ ሌሎች ማኅበራት መኖራችሁን ስለምናውቅ በግልጽ መጻፉን መርጠናል።

በዘንድሮው የበጀት ስብሰባችሁ የወሰናችሁትን የሰማነው ከሥራ አስኪያጁ ነው። አውቶቡስ ተራ አጠገብ የተከራየነው የቀን ማዕከል የኪራይ ውሉ ሲያልቅ ይዘጋል። ቤተሰብ የማፈላለጉና ልጆችን ወደ ቤታቸው የመመለሱ ሥራ «ለጊዜው» ይቆማል፤ ይህን የሚሠሩት ባልደረቦቻችንም ውላቸው አይታደስም። የተረፈው ገንዘብ ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ማደሪያ ይውላል። የሕንፃውን ፕላን አሳይተውናል። ያምራል። የጸሎት አዳራሽ አለው፣ የእንግዳ ማረፊያ አለው። የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ግን ፈልገን አላገኘንበትም።

አንድ ልጅ ከጎዳና እንዴት እንደሚነሣ ከውሳኔው በፊት የጠየቀን ሰው ስለሌለ አሁን እንንገራችሁ። ልጁ መጀመሪያ ወደ ቀን ማዕከሉ የሚመጣው ልብሱን ሊያጥብ ነው። ሳሙናና ውኃ እንሰጠዋለን፣ ቁስሉን እናጥብለታለን፣ ሻይና ዳቦ ይቀምሳል፣ ኳስ ይጫወታል። ሲመሽ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል። ማስቲሹን በእጅጌው ሸሽጎ እንደሚገባ እናውቃለን፤ የሚስበው ብርዱንና ረኃቡን እንዲያስረሳው ነው። ማስቲሽ የጫማ ማጣበቂያ በመሆኑ ማንም እንደ ልቡ ገዝቶት ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን «ወይ ማስቲሹን ጣል ወይ ውጣ» የተባለ ልጅ ይወጣል፣ አይመለስምም። እውነተኛ ስሙን ለመስማት ሳምንታት እንጠብቃለን። አገሩን ለመስማት ከዚያም በላይ።

ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ «አባትም እናትም የለኝም» ይላሉ። ይህን ከየት እንደተማሩት ታውቃላችሁ? ከእኛና ከእናንተ ነው። በየመዋጮ ወረቀቱ ላይ «ወላጅ አልባ ሕፃናት» እየተባለ ስለሚጻፍ፣ እንጀራ የሚገኘው ወላጅ የሌለው ሲሆኑ እንደሆነ ልጆቹ ገብቷቸዋል፤ እናታቸውን በቁሟ ይገድሏታል። እውነቱን ሲናገሩ ግን የአብዛኞቹ እናት ወይም አባት፣ ካልሆነም አያት ወይም አጎት በሕይወት አሉ። ወደ ጎዳና ያወጣቸው የእንጀራ አባት ዱላ ነው፣ የመሬት ማነስ ነው፣ «አዲስ አበባ ሊስትሮ ሠርቼ ስልክ ገዛሁ» ብሎ ለበዓል የመጣ የሰፈር ልጅ ወሬ ነው፣ ወይም ደላላ ነው።

ከወላይታ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ ነበረን። የቀበሌውን ስም አያውቅም ወይም አልነግርም ብሏል። ባልደረባችን ስለ ቀበሌው መጠየቁን ትቶ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የትኛውን ወንዝ እንደሚሻገር፣ መምህሩን ማን ብሎ እንደሚጠራ እያጫወተ ጠየቀው። ልጅ የቀበሌ ስም ይረሳል እንጂ የገበያ ቀን አይረሳም። በዚያ ፍንጭ እየተደወለ እየተደወለ ቀበሌው ተገኘ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍረው ሲደርሱ እናቲቱ ሞቷል ብላ ለቅሶ ተቀምጣለት እንደነበር ጎረቤቶቿ ነገሩን። ለዚህ ሥራ የወጣው የአንድ ጎልማሳና የአንድ ልጅ የአውቶቡስ ሒሳብ፣ የአልጋ፣ የዩኒፎርምና የደብተር፣ ለእናቲቱም የሁለት በግ መግዣ ነው። ይህ ልጅ አሁን በአገሩ እየተማረ ነው፤ በዓመታዊ ሪፖርታችሁ ላይ ግን የለም፤ ምክንያቱም ሪፖርቱ የሚቆጥረው አልጋ የያዙትን ነው።

ሁሉም እንዲህ ይቃናል አንልም። ከጨንቻ አካባቢ የመጣው ሌላው ልጅ ዘመድ ነኝ ባይ «ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» ብሎ ወስዶ ሽሮ ሜዳ ሸማ ላይ ያስቀመጠው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መሸመን ሲያንገሸግሸው አምልጦ ወደ መርካቶ ወረደ። ወደ ቤቱ መለስነው፤ ብዙም ሳይቆይ በአይሱዙ ተጭኖ ተመልሶ መጣ። በድጋሚ ስንሄድ ያንኑ ሰው ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ሲጫወት አገኘነው፤ አባትየው ዕዳ ነበረበት። ዕዳው ተነጋግረን በቀበሌው ሽማግሌዎች ፊት እልባት ካገኘ በኋላ ነው ልጁ ቤቱ የረጋው። የክትትል ጉዞ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በቦርዱ ቃለ ጉባኤ ላይ «ተደጋጋሚ የመስክ ወጪ» ተብሎ የተሰረዘውም ይኸው ነው።

ይህን አሠራር እኛ አልፈለሰፍነውም። በ2001 ዓ.ም. በወቅቱ የነበረው የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ያወጣው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ማኅበረሰብ አቀፍ ድጋፍን፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ ምትክ ቤተሰብንና ጉዲፈቻን ዘርዝሮ በተቋም ማሳደግን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ቆሟል። እንግዲህ እኛ ግቢ የገባ ልጅ መውጫው ወይ ቤቱ ነው፣ ወይ እዚሁ አገር የሚቀበለው ቤተሰብ ነው፣ ወይም 18 ዓመት ሞልቶት በር ላይ መሸኘት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በሮች ስትዘጉ የሚቀረው ሦስተኛው ነው። አምና 18 የሞላቸው ልጆች የት እንደደረሱ ጠይቁን፤ ከመካከላቸው እንደገና በረንዳ ያገኘናቸው አሉ፣ አሁን ተሸካሚዎች ናቸው።

ስለ ቦታውም እንናገር። የጎዳና ልጅ ሥራው፣ ጓደኛው፣ ከሆቴል የሚወጣ ቡሌ (ትርፍራፊ ምግብ) የሚያገኝበት በር ሁሉ ያለው መሀል ከተማ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ልጆቹ ያድሩባቸው የነበሩ በረንዳዎች ስለጠፉ ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል፤ ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ከበፊቱ ከብዷል። አዲሱ ሕንፃ ያለበት ቦታ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። በእግሩ የሚመጣ ልጅ አይኖርም። ታዲያ አልጋዎቹ በምን ይሞላሉ? ገና ጎዳና ባልወጡ፣ ድሆች በመሆናቸው ብቻ ከየቤታቸው በሚሰበሰቡ ልጆች ይሞላሉ ብለን እንሰጋለን። በሌሎች ቤቶች ይህ ሲሆን አይተናል፤ ወላጅ ልጁን «ከሚማርበት ቦታ» ብሎ በፈቃዱ ያስረክባል፣ መጠለያውም ለጉብኝት የሚበቃ ልጅ ያገኛል።

በየመዋጮ መድረኩ የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ስም ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። እዳዬ እየተባሉ የሚጠሩት እኚሁ እናት ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው በረኃብ ከወደቀው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ የገቡት ወደ ገዛ ቤታቸው ነው። በኋላ ድርጅታቸው ሲሰፋም ልጅን በግቢ ከማሳደግ አልፎ በየቤቱ ያለውን ድሃ ቤተሰብ ወደ መደገፍ ሄዷል። ስማቸውን የሚጠራ ሰው ይህንንም አብሮ ቢያነሣው ምን ነበረበት?

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቅሬታችን መራራ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እናንተ የምትልኩት ዶላር አልቀነሰም፤ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የእኛ የምግብ በጀት ግን በብር የተመደበ በመሆኑ ባለበት ቆሟል። ዘይቱ፣ ምስሩ፣ ሳሙናው ግን አልቆመልንም። ወጥ ቤት ያሉት እናቶች ምስሩን እያቀጠኑ ነው የሚያቀርቡት። ልዩነቱ የት ገባ ብለን ስንጠይቅ «ለሕንፃው ተቀምጧል» ተባልን። ከልጆቹ ወጥ ላይ የተቀነሰ ገንዘብ የሕንፃ መሠረት እንደሚሆን እናንተ የምታውቁ አይመስለንም። ለዚህም ነው በቀጥታ የነገርናችሁ።

ደመወዛችን ያልተሻሻለው ደግሞ «ሕጉ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንዲህ ያለ ጣሪያ አስቀምጧል። ነገር ግን አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን፣ የቢሮ ኪራይን፣ የኦዲትን፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝን የመሰለውን ነው። ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ልጅ አቅፋ የምታድር ሞግዚት አስተዳደር አይደለችም፤ ሥራው ራሷ ናት። የሥራ ጉዞን ሁሉ በአስተዳደር ወጪነት ይቆጥር የነበረው የቀድሞው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን «ሰባ ሠላሳ» መመሪያ (70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ 30 በመቶ ለአስተዳደር) ነው። እሱ ከቀረ ቆይቷል፤ የእኛ ሒሳብ ክፍል ግን እስከ ዛሬ በእሱ ይዳኛል።

ስለ ፎቶና ስለ ቪዲዮ። በክረምትና በገና የሚመጡ እንግዶች ልጆቹን አሰልፈው ይቀርጻሉ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ እናቱ ጠላ ቤት ትሠራ እንደነበር፣ እሱ ምን ይሰርቅ እንደነበር በቲክቶክ ላይቭ እንዲናገር ተደረገ። መዋጮው ደህና ገባ ተባለ። በሳምንቱ የክፍል ጓደኞቹ ቪዲዮውን በየስልካቸው ይዘው ጠበቁት። ትምህርቱን አቆመ፤ ለወራት አልተመለሰም። ፈቃዱን ጠይቀነዋል ትላላችሁ። ምሳውን የምታበላውን ሰው «እምቢ» ማለት የሚችል ልጅ ስንት ነው? እናንተ በምትኖሩበት አገር የገዛ ልጃችሁን ትምህርት ቤቱ ሳያስፈቅድ ቢቀርጸው ምን እንደምታደርጉ እናውቃለን።

ስጦታ ስታመጡም አስቀድማችሁ ጠይቁን። አምና የመጡት ነጫጭ ስኒከሮች ቅዳሜ ታደሉ፤ ጫማውን አድርገው ወደ ጎዳና ጓደኞቻቸው ብቅ ካሉት ልጆች መካከል ተደብድበው የተመለሱ ነበሩ። ከዚያ በላይ አንሄድበትም።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደን ነገር እንግባ፤ እምነት። ከእኛ ብዙዎቻችን በዚህ ደመወዝ የቆየነው ስለ እምነታችን ነው። የተራበውን ማብላት፣ የታረዘውን ማልበስ የታዘዝነው ትእዛዝ ነው፤ ለሥራ ውል ብቻ ብሎ እዚህ የሚያድር ሰው የለም። የጠዋት ጸሎቱም፣ የሰንበት መዝሙሩም ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀኑ መልክ ያገኛል፣ ሰው በስማቸው ይጠራቸዋል። ግን ወደ ቤታችን የሚመጣው ልጅ ሁሉ የእኛ ሃይማኖት ልጅ አይደለም። ከስልጤ የመጣ ልጅ ስሙ በእንግዶች ፊት «አዲስ ስም» ተብሎ ተቀየረ። ልጁ ዝም አለ፤ ወገን ያለው እዚሁ ነውና። አባቱን ፈልገን በስልክ ስናገናኛቸው አባትየው ልጁ በአዲሱ ስም ሲጠራ ሰምተው ስልኩን ዘጉ። ልጃቸውን ያገኙበትን ቀን ልጃቸውን የተነጠቁበት ቀን አደረግንባቸው። ለማስታረቅ ሽማግሌ ይዘን የሄድነው እኛ ነን፤ ያሳፈረን ደግሞ አባትየው በክብር አብልተው የሸኙን መሆናቸው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሕጉ ባይኖርስ? በዳቦ የተገዛ አሜን ማንን ያስደስታል?

በዐቢይ ጾም ወተት አቀረባችሁ ተብለን በጎብኚ ፊት የተገሠጽነውንም አልረሳነውም። ወተቱን የጠጡት የሳንባ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሕመምተኛን ታዝንለታለች።

ስለ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ጭራሽ የተነገረ ነገር የለም። መጠለያችን የወንዶች ነው፣ አዲሱም ሕንፃ የወንዶች ነው። ሴቶች ልጆች ጎዳና ላይ የማይታዩት ስለሌሉ አይደለም። በሠራተኝነት ከገቡበት ቤት አምልጠው የሚወጡት ቶሎ ከዓይን ይሰወራሉ፤ ጠላ ቤት ወይም አረቄ ቤት የሚያስገባቸው ሰው መናኸሪያ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቃቸው። ከደሴ መንገድ መጥታ ላምበረት መናኸሪያ የወረደችን የ14 ዓመት ልጅ ጥበቃችን አግኝቶ አመጣልን። «ሴት አንቀበልም» ማለት አልሆንልን ስላለ አንዲት ባልደረባችን ቤቷ ወስዳ አሳደረቻት። መመሪያ ተጥሷል ተብላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ማስጠንቀቂያው ፋይሏ ውስጥ ነው፣ እንዲነሣላት እንጠይቃለን።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እንጠይቃችኋለን።

የሕንፃው መሠረት ከመጣሉ በፊት አውቶቡስ ተራ ያለው የቀን ማዕከል የኪራይ ውል እንዲታደስ፤ ቤተሰብ የማፈላለጉና የመመለሱ ሥራም ከነባልደረቦቹ እንዲቀጥል። ሕንፃ መሥራት አትችሉም አንልም፤ ይህ ሥራ በቆመበት ግን እንዳትሠሩት ነው የምንለው። ልጆቹ በየአገራቸው ሲገቡ የልደት ምዝገባቸውም እዚያው እንዲፈጸምላቸው በጀት ይያዝለት፤ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ ትልልቆቹ ልጆች አብዛኞቹ የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም፣ ያለ እሱም 18 ሲሞላቸው መታወቂያ ለማውጣት ይንገላታሉ።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከምንዛሪው የተገኘው ልዩነት በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ ውጤቱ ለእናንተም ለእኛም እንዲነገር፤ የምግብ በጀቱም በገበያው ዋጋ እንዲስተካከል። የሞግዚቶችና የመስክ ሠራተኞች ደመወዝ በፕሮጀክት ወጪነት እንዲያዝ።

የልጆቹ ፊትና ታሪክ ለመዋጮ መቀስቀሻ መሆኑ እንዲቆም፤ እስካሁን የተለቀቁት ቪዲዮዎችም ከየገጹ እንዲወርዱ። የአንድም ልጅ ስም ወይም ሃይማኖት ከቤተሰቡ ፈቃድ ውጭ እንዳይለወጥ በጽሑፍ መመሪያ እንዲወጣ።

ለሴቶች ልጆች ቢያንስ ጥቂት ሌሊት የሚያርፉበት ክፍል እንዲከራይ፤ የሠራተኞች አንድ ተወካይ በቦርዱ ስብሰባ ከነድምፁ እንዲቀመጥ፤ 18 ዓመት የሞላቸው ልጆችም የሙያ ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ እንዳይሸኙ።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር መልሳችሁን ከሰኔ 30 በፊት እንጠብቃለን። መልሱ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም እንዲነበብ በግልጽ ይጻፍልን፤ ኮሚቴው በዙም ሊያነጋግረን ከፈለገም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ከተኙ፣ ሁላችንም እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመጠለያው የሌሊትና የቀን ሞግዚቶች፣
የማኅበራዊ አገልግሎትና የመስክ ሠራተኞች፣
የወጥ ቤትና የጥበቃ ሠራተኞች

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.